አሲዱ ከየት መጣ

እህቴ ከሞተች በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ ሎሚ በእጄ አልነካሁም። ሰው ቤት ተጋብዤ ሰላጣው ላይ ሎሚ ሲጨመቅ ካየሁ ሆዴን አሞኛል ብዬ እተወዋለሁ። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እህቴን በሎሚ የገደልኳት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሌላውን ያስቀው ይሆናል፤ እኔን አንድም ቀን አላሳቀኝም።

እህቴ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። እሷ ዴንሃግ ከተማ ከአንድ ልጇ ጋር፣ እኔ ሮተርዳም ዴልፍስሃቨን ሰፈር ብቻዬን እንኖር ነበር። ስኳር ነበረባት፤ ያለ መርፌ የማይኖሩበት ዓይነት። ሁለት ኢንሱሊን ነበራት፤ አንደኛውን ከምግብ ጋር፣ ሁለተኛውን ማታ ከመተኛቷ በፊት ትወጋለች። ይህ ሁሉ ሆኖ ጾም ሲመጣ የሚያቆማት የለም። ንስሐ አባቷ «አንቺ ታማሚ ነሽ፤ ብዪ፣ መድኃኒትሽንም ውሰጂ» ብለው ቢቆጧት «እሺ አባ» ብላ ትወጣና እሳቸው ዞር ሲሉ የልቧን ትሠራለች። እልኸኝነቷን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለማውቀው ልከለክላት አልሞከርኩም። ወይም አሁን ለራሴ የምነግረው እንዲያ ነው።

በዚያ ዓመት የሕማማትን ሳምንት ቀኑን ሙሉ ምንም ሳልቀምስ እየሰገድኩ፣ ማታም በጥሬና በውሃ አሳልፋለሁ አለችኝ። የተነጋገርነው በሆሣዕና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ባቡር ጣቢያ ቆመን ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ኢንሱሊን ወግታ ምግብ ሳትበላ ወጥታ ትራም ውስጥ ራሷን ስታ ወድቃ ነበር። ያን ጊዜ ነርሷ «ሳትበዪ እንዳትወጊ» ብላ ጣቷን እየቀሰረች ስታስጠነቅቃት አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ። ስለዚህ አዋቂ ሆኜ መከርኳት። «ካልበላሽ መርፌውን ተይው፤ ሁለቱንም። ኋላ እንደዚያን ቀን መንገድ ላይ ትወድቂያለሽ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እውነትሽን ነው» አለች። ባቡሯ መጣ፣ ሳመችኝና ሄደች።

ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ ወደ እሷ ሄድኩ። ያን ጊዜ የምሠራው ሮተርዳም ወደብ አጠገብ ባለ የፍራፍሬ መጋዘን ነበር። ከመርከብ የሚወርደውን ሎሚና ብርቱካን ስንለቅም እንውላለን፤ የተመታውን ወደ ቤት እንድንወስድ ይፈቅዱልናል። እህቴን ሶፋ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ሲያስመልሳት ነው የዋለው። ትንፋሿ ረጅምና ጥልቅ ነበር፤ አራት ፎቅ በእግሯ ወጥታ የገባች ትመስላለች። «ስግደቱ ነው ያደከመኝ» አለች፤ እኔም አመንኳት። ስትናገር ከአፏ ጣፋጭ ሽታ ይወጣል፤ ከልክ በላይ የበሰለ ፖም ዓይነት። የጾመኛ አፍ እንዲህ አይሸትም፤ የጾመኛን አፍ እኛ ሳንሆን ማን ሊያውቀው! እኔ ግን «ጾምሽ ሠመረ መሰለኝ፤ አፍሽ ገነት ገነት ይላል» ብዬ ቀለድኩባት። ደክሟትም ሳቀች። ከዚያ ማቅለሽለሹን እንዲያቆምላት ከቦርሳዬ ሁለት ሎሚ አውጥቼ በውሃ ጨመቅኩላት። ጾሟን የምትፈታበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ግማሹን ጠጣች።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ተመልሼ ስሄድ ነገሯ ሁሉ ተለውጦ ጠበቀኝ። አንዳንዴ ታወራለች፤ አንዳንዴ ዓይኗ ይከደናል። አምቡላንስ ጠራሁ። ሐኪሞቹ ቀኑን ሙሉ ታገሉላት፤ ሐሙስ ጠዋት ልቧ ቆመ። አንድ ወጣት ሐኪም ኮሪደር ላይ አስቀምጦኝ ደሟ በአሲድ ተሞልቶ እንደነበር ነገረኝ። ሌላም ብዙ ነገር ተናግሯል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አልሰማሁትም። ስምንተኛ ክፍል በተማርኩበት የሳይንስ መጽሐፍ ላይ የአሲድ ምሳሌ ሆኖ የተሳለው ሎሚ ነበር።

መጋዘኑን በዚያው ወር ለቀቅኩ። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ የነበረውን የእህቴን ልጅ ወደ እኔ አመጣኋት። ዴንሃግ ያለውን ቤት ስናስረክብ ፍሪጁን ያጸዳሁት እኔ ነኝ፤ ያልተነኩ ብዕር መሳይ የኢንሱሊን መርፌዎች በሩ ላይ ተደርድረው ነበር። ሰብስቤ ለፋርማሲ መለስኳቸው፤ ምንም አላሰብኩም። ሐሳቤ ሁሉ ሎሚው ጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ አገኘሁ። የእህቴ ትንፋሽ ግን ተከትሎኝ መጣ። ሜትሮ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ረዘም አድርጎ ሲተነፍስ ዞሬ አያለሁ። ጠዋት ገላዬን ስታጠብ ከግድግዳው ማዶ ትተነፍሳለች፤ ውሃውን ስዘጋው ትጠፋለች፤ ስከፍተው ትመለሳለች። እየከፈትኩና እየዘጋሁ ሥራ ያረፈድኩባቸው ቀናት አሉ። አንድ ቀን መጦሪያው ውስጥ የአንዲትን አሮጊት የጥፍር ቀለም ላስለቅቅ ብዬ የማስለቀቂያውን ጠርሙስ ስከፍት እህቴ ክፍሉ ውስጥ ገባች። እንዲህ ብዬ ነው የምናገረው፤ ሌላ አነጋገር የለኝም። ሽታዋ ነው፣ እዚያው ነች። ጠርሙሱን ከድኜ መስኮቱን በረገድኩት። አሮጊቷ «ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለችኝ። ቅዝቃዜው ነው አልኳት፤ ሐምሌ ላይ መሆናችን ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

ለካህን ልናገር ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ኃጢአት ተናዝዤ ተመለስኩ። የእህቴ ልጅ አጠገብ ደግሞ ስለዚያ ሳምንት ወሬ ሲነሳ እኔ ተነሥቼ ዕቃ አጥባለሁ። እሷም አትጠይቅም። ጨዋ ልጅ ናት፣ ሐዘኔን ታከብራለች እያልኩ በልቤ አመሰግናት ነበር።

ባለፈው ዓመት መጦሪያው ለነርስነት እንድማር ላከኝ። ፎርሙ ላይ ለሕሙማን ካለኝ ፍቅር የተነሳ ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ለመማር የወሰንኩት የትምህርቱን መጽሐፍ ገልጬ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ርዕስ ሳየው ነው፤ «አሲድና ቤዝ» ይላል። በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች መሃል፣ የንባብ መነጽሬን ሰክቼ ቁጭ አልኩ።

መምህሩ ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ደች ነው። አንድ ቀን ሁለት ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። በአንዱ ተራ ውሃ፣ በሌላው ቢካርቦኔት የሟሟበት ውሃ አለ። ሁለቱም ውስጥ የቀይ ጎመን ጭማቂ ጨመረ፤ አንዱ ሐምራዊ፣ ሌላው ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ በጠብታ አሲድ እንድንጨምር አዘዘን። ተራው ውሃ በመጀመሪያው ጠብታ ቀላ። ቢካርቦኔት ያለበት ግን ጠብታው ሲገባ አረፋ ይሠራል እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አይልም። አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ጠብታ ጨመርኩ። መምህሩ «ደማችሁም እንዲህ ነው» አለ። «አሲድ ሲገባበት ይውጠዋል፤ ወደ ጋዝ ይለውጠውና በትንፋሽ ታስወጡታላችሁ።» 

አረፋውን እያየሁ እጄን አወጣሁ። «ሰው ሁለት ሎሚ በውሃ ተጨምቆለት ቢጠጣ ደሙ አሲድ ይሆናል?» አልኩ። ወጣቶቹ ሳቁ። መምህሩ አልሳቀም። «አይሆንም» አለ። «ጨጓራሽ ውስጥ ያለው ከሎሚ የባሰ አሲድ ነው። የሎሚውን ሰውነትሽ እንደ ምግብ ያቃጥለዋል።» እኔ አሁንም እጄን አላወረድኩም። «ሰውየው በጣም የታመመስ ቢሆን?» «በጣም የታመመም ቢሆን በሎሚ አይሞትም» አለኝ። ይቅርታ ጠይቄ ሽንት ቤት ገባሁና በሩን ቆልፌ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ወደ ቤት ስመለስ ከገበያ ሎሚ ገዝቼ እንደ ብርቱካን ልጬ መንገድ ላይ በላሁት። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየኝ ነበር። አይተው ምን ያመጣሉ!

በዚያ ሳምንት የእህቴ ትንፋሽ ጠፋ። ሻወር ቤት ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ ዝም ነው። ታዲያ አሲዱ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም። ማወቅ አልፈለግሁም መሰለኝ።

ቀጣዩ ምዕራፍ ሰውነታችን ስለተሠራባቸው ትልልቅ ሞለኪውሎች ነበር። ወደድኩት። ፕሮቲን ማለት በክር የተሰካ ዶቃ ነው፤ ዶቃዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ፣ የአሰካኩ ተራ ከተለወጠ ሥራውም ይለወጣል። ስታርች ስኳር ከስኳር ጋር ተያይዞ የተሠራ ረጅም ሰንሰለት ነው። ኢንሱሊንም ፕሮቲን ነው፤ ሃምሳ አንድ ዶቃ ብቻ ያለው ትንሽ ፕሮቲን። እህቴ በየቀኑ ሆዷ ላይ የምትወጋው ምን እንደሆነ ያኔ አወቅሁ። ስትወጋ ፊቷን እንዴት እንደምታጨማድድ ትዝ ብሎኝ ደብተሬ ላይ ሃምሳ አንድ ነጥብ ደረደርኩ።

ከዚያ የስብ ተራ ደረሰ። መምህሩ የሰው ሰውነት ጨርሶ ኢንሱሊን ሲያጣ ምን እንደሚሆን አስረዳን። ደሙ በስኳር ተሞልቶ እያለ ሴሎቹ ይራባሉ። ጉበት ረሃብ የገባ መስሎት ስቡን ያለ ልክ ያነዳል፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ነው። የደሙ ቢካርቦኔት እስኪያልቅ ይታገላል። ሰውየው አሲዱን በትንፋሽ ለማስወጣት ረጅምና ጥልቅ አድርጎ ይተነፍሳል፤ ይጠማዋል፣ ያስመልሰዋል፣ አፉ ጣፋጭ ሽታ ይሸታል። «ሽታው ይህ ነው» ብሎ አሴቶን፣ ያው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው፣ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ በየተራ እንድናሸት አሳለፈ። «የምትሠሩት ከሰው ጋር ነውና አትርሱ። እንዲህ ዓይነት ታማሚ ባይበላም፣ ቢያስመልሰውም፣ የማታውን መርፌ አያቆምም። ኢንሱሊን ለምግብ ብቻ አይደለም።»

ጠርሙሱ እኔ ጋ ሲደርስ ሳላሸተው አሳለፍኩት።

ስለዚህ ሎሚው ነጻ ወጣ፤ በእሱ ቦታ እኔ ቀረሁ። ሁለቱንም ተይ ያልኳት እኔ ነኝ። የጣቢያው ሰዓት፣ የእጇ ላይ ጓንት፣ «እውነትሽን ነው» ያለችበት ድምፅ፣ ሁሉም መጣብኝ። በማግስቱ ጠዋት ውሃውን ስከፍት እህቴ ከግድግዳው ማዶ ትተነፍስ ነበር። አሁን ግን ትንፋሹ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ማክሰኞ ዕለት ሶፋው ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ አሲዱን ልታወጣ እየታገለች ነበር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ቀለድኩ።

የእህቴ ልጅ አሁን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ አምስተርዳም ትማራለች፣ ኢንዲሸ ቡርት የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታለች። ኬሚስትሪ ላይ ጎበዝ ስለሆነች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየሄድኩ ታስጠናኛለች። ስትቆጣኝ አትራራልኝም። «ታንተ፣ ይህንን ባለፈው ሳምንት ነግሬሻለሁ!» ትለኛለች፤ አክስት ማለቷ ነው። ከስቡ ትምህርት በኋላ ባለው እሑድ ያንን ገጽ ልዘለው ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን መልሳ ገለጠችው። አነበበች፤ እንደገና አነበበች።

«ታንተ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ? ለማንም ተናግሬ አላውቅም» አለችኝ። ዓይኗ መጽሐፉ ላይ ነው። «ረቡዕ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ጠማኝ አለችኝ። የማንጎ ጁስ ሰጠኋት። ገዎን፣ እንዲሁ ዝም ብዬ፣ ቤት ያገኘሁትን። አንድ ብርጭቆ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ስኳር እንዳለባት እያወቅኩ። ስኳሯ ከፍ ብሎ ነው የሞተችው ሲሉ ሰማሁ። እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ክው አልኩ። ስድስት ዓመት፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ማዕድ እየበላን፣ ሁለታችንም ያንኑ ኃጢአት ለየብቻችን ተሸክመን ኖረናል። እኔ ደግሞ ዝምታዋን ጨዋነት ነው ብዬዋለሁ።

«ጁሱ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ምንድን ነው? የምትማሪው አንቺ ነሽ፤ ንገሪኝ» አለችና መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋችው።

«ባቡሬ ሊያመልጠኝ ነው» ብዬ ኮቴን አነሳሁ። ወደ ሮተርዳም ባቡር በየሩብ ሰዓቱ እንዳለ እሷም ታውቃለች። በሩ ላይ ሆና አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስከ ሮተርዳም ይዤው ሄድኩ።

ያ ሳምንት አልወጣ አለ። ብነግራት አጣታለሁ፤ በዚህ አገር ከሥጋዬ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ባልነግራት ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ እናቷን የገደለች መስሏት ትኖራለች። የኔን ሎሚ መምህሩ አነሳልኝ፤ የእሷን ጁስ የሚያነሳላት ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱን ለማንሳት ደግሞ የመርፌውን ነገር መናገር ግድ ነው። በመሃል ጠዋት ጠዋት እህቴን ጠየቅኳት። «ምን ላድርግ? አንድ ነገር በዪኝ እንጂ!» ብዬ ግድግዳውን በመዳፌ መታሁት። ትንፋሽ ብቻ ነው የመለሰችልኝ። ፈራሁ፤ ተናደድኩም፤ ሙታን ሊናገሩ ካልሆነ ለምን ይመጣሉ?

በሚቀጥለው እሑድ ሄድኩ። ሰፈሯ ያለው ገበያ፣ ዳፐርማርክት፣ እሑድ ስለሆነ ባዶውን ነበር። ሳልቀመጥ ጀመርኩ፤ ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቄያለሁ። የሆሣዕናውን ጣቢያ፣ ትራም ውስጥ የወደቀችበትን፣ የነርሷን ማስጠንቀቂያ፣ «ሁለቱንም ተይው» ማለቴን አንድ በአንድ ነገርኳት። ከዚያ ወረቀት አውጥቼ ጉበቱን፣ ስቡን፣ አሲዱን፣ የሚያልቀውን ቢካርቦኔት ሣልኩላት። «ጁሱን ስትሰጫት አሲዱ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠራቀም ቆይቷል። የጠማትም ለዚያ ነው። አንቺ ለጠማት ሰው የሚጠጣ ነው የሰጠሽው። መርፌውን ያስቆምኳት እኔ ነኝ» አልኳት። የሣልኩት ጉበት ጉበት አይመስልም።

ሥዕሉን ወደ ራሷ ስባ አሲዱን በጣቷ ተከተለችው። ውጭ ሰዎች በብስክሌት እየተሳሳቁ አለፉ።

«አላወቅሽም ነበር» አለች። «እኔም ቤት ውስጥ ነበርኩ። መርፌውን ማቆሟን አይቻለሁ፤ እኔም አላወቅኩም።» ከዚያ እጇን ክንዴ ላይ አደረገች።

እንዲህ ትላለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። እንባዬ መጣ፤ አፌም አብሮ ተከፈተ። ስድስት ዓመት የዘጋሁት ክፍል ሲከፈት ውስጡ ያለው ሁሉ መውጣት ጀመረ። «ጁሱን እኮ ወዳው ነበር» አልኳት። «ረፋድ ላይ ስደርስ ብርጭቆውን በእጇ ይዛ ነበር። ‹ልጄ አጠጣችኝ› አለችኝ። ‹ጠማኝ ብዬ ሳልጨርስ አመጣችልኝ፤ ነፍሴ መለስ አለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት› አለች። ከዚያ ወዲያ የሚሰማ ነገር አልተናገረችም። የመጨረሻ ቃሏ እሱ ነው።»

እጇን ከክንዴ ላይ አነሳች።

«መቼ ነው ያለችው?»

«ረቡዕ። አምቡላንስ ከመጥራቴ በፊት።»

«በያት አለች? እኔን?»

«አዎ፣ አንቺን» አልኩ፤ እያልኩም ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። በሐሳቤ ወደዚያ ክፍል በገባሁ ቁጥር የሎሚውን ብርጭቆ ስለማይ ክፍሉን ከነእህቴ ቃል፣ ከነአደራዋ ዘግቼው ነበር። አንድ ፍርድ ፈርቼ የሌላ ሰው የሆነ ነገር ስድስት ዓመት ደብቄአለሁ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መርፌውን አላወቅሽም ነበር» አለችኝ። «ይህንን ግን ታውቂ ነበር።»

ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረችና ጀርባዋን ሰጥታኝ «ድገሚው» አለች። የእናቷን ቃል ደገምኩላት። ስጨርስ እንደገና «ድገሚው» አለች።